ሁሉም የምኒልክ ዘመን አይደለም፦ ስለ ቅድመ አያትሽ ሣጥን

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አያቴ ካረፈች በኋላ ከአልጋዋ ሥር የእናቷ ሣጥን ወጣ። ውስጡ ደረቱ ላይ ጥልፍ ያለው ነጭ ቀሚስ፣ ጠርዙ በወርቅማ ክር የተሠራ ጥቁር ካባ፣ ብር የተንጠለጠለበት ሐብል፣ ሰማያዊ የብረት ማንቆርቆሪያ፣ ስድስት ስኒና አንድ ፎቶ አለ። የእጅ ሲንገር የስፌት መኪናዋም አብሮ ተቀምጧል። ማንቆርቆሪያው ሥር ቼኮዝሎቫኪያ፣ ስኒዎቹ ሥር ጃፓን የሚል ጽሑፍ አለ። የሲንገሩ ቁጥር በእንግሊዝኛው ዋይ ፊደል ይጀምራል። ብሩ ላይ 1780 ተጽፏል። ፎቶው ላይ የነጠላዋ ጥለት ጥቁር ነው፤ ሐዘን ላይ ነበረች እንዴ? ዘመዶቼ ሁሉም የምኒልክ ዘመን ዕቃ ነው ይላሉ። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ደግሞ ብሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው አለኝ። እውነት ነው? ቀሚሱንስ አጥቤ ለመልሴ ብለብሰው ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ቀሚሱን እንዳታጥቢው። ውሃም ካውያም አይንካው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ። እስከዚያው ንጹህ ነጭ አንሶላ ላይ ዘርግተሽ፣ ፀሐይ የማይገባበት ክፍል ውስጥ አስቀምጪው።

ወደ ዘመኑ ስንመጣ፣ ዘመዶችሽ በቅን ልብ ነው የነገሩሽ። እኛ አገር ያረጀና የሚያምር ነገር ሁሉ «የምኒልክ ዘመን» ይባላል። እኔ ሥራዬ የአሮጌ ልብስና የቤት ዕቃ ጥገና ነው፤ ይህ አባባል ሁልጊዜ ይከነክነኛል። አጼ ምኒልክ ያረፉት በ1913 መጨረሻ ነው። ከእሳቸው በኋላ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ አለ። የአዲስ አበባ ሴቶች ጓዳ ብዙ አዲስ ዕቃ ያየው በእነዚያ ዓመታት ነው። ያንን ጊዜ በሌላ ሰው ስም ስንጠራው፣ ቅድመ አያትሽን የኖሩበትን ዘመን እንወስድባቸዋለን። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የዕቃ ማህተም ስታነጻጽሪ ይቀልሻል።)

እኛ የምንሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። ዕቃው ላይ ካለው ሁሉ ኋላ የመጣውን ነገር ፈልጊ። ክር ይሁን፣ ማህተም ይሁን፣ ቁልፍ ይሁን። ዕቃው ከዚያ ነገር ሊቀድም አይችልም። ወሬ ሊያሳስት ይችላል፣ ክርና ማህተም ግን የራሳቸው ልደት አላቸው።

ማንቆርቆሪያውን እንውሰድ። ቼኮዝሎቫኪያ የምትባል አገር የተፈጠረችው በጥቅምት 1918፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል ነው። ከዚያ በፊት ያ አካባቢ በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሥር ነበር፤ የዕቃውም ማህተም ኦስትሪያ ይል ነበር። ስለዚህ ማንቆርቆሪያሽ ምኒልክን አላየም። ጎረቤትሽ ቤት ኦስትሪያ የሚል ተመሳሳይ ማንቆርቆሪያ ካገኘሽ ግን እሱ ሊያይ ይችላል።

ስኒዎቹም ያንኑ ይመሰክራሉ። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አዘዘች። የጃፓን ፋብሪካዎች ያን ጊዜ «ኒፖን» ብለው ይጽፉ ነበር። በ1921 የአሜሪካ ጉምሩክ ይህ የእንግሊዝኛ ስም አይደለም፣ «ጃፓን» በሉ አለ። ወደ እኛ የሚመጣው ስኒ የአሜሪካ ሕግ አይመለከተውም፤ ነገር ግን ፋብሪካው ለብዙ ገበያ ያንኑ ማህተም ነበር የሚመታው። ስለዚህ ያንቺ ስኒዎች ከ1921 ወዲህ የመጡ ናቸው ብንል አንሳሳትም። ወደ ላይ ያለውን ዳርቻ ግን ማህተሙ ብቻውን አይነግረንም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1952 ድረስ «ኦኪዩፓይድ ጃፓን» (የተያዘች ጃፓን) የሚል ማህተምም ነበር፤ ያንቺ ላይ እሱ የለም፣ ግን ያ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

እዚህ ላይ ሲንገሩ ያግዘናል። የእጅ ሲንገር ቁጥር ባለበት ቤት ዕድለኛ ነኝ፤ የልደት ወረቀት እንዳለው ሰው ነው። ከእጀታው በታች በስተቀኝ ያለውን ትንሽ ጠፍጣፋ ብረት በደረቅ ጨርቅ ጠርጊውና ፊደሉን እንደገና አረጋግጪ። ቁጥሩ ፊደል ከሌለው መኪናው ከ1900 በፊት የተሠራ ነው። በኤፍ የሚጀምር ከ1910 ገደማ ወዲህ ነው። ዋይ ከሆነ ከ1921 ገደማ እስከ 1935 ድረስ በስኮትላንድ፣ ግላስጎው አጠገብ ካለችው ክላይድባንክ ከነበረው ፋብሪካ የወጣ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት በኢ ጀምረው ሁለት ፊደል አላቸው። ሙሉ ቁጥሩን ከላክሽልኝ ዓመቱን እነግርሻለሁ።

ሁለት ነገር ግን አስታውሺ። ቁጥሩ የሚነግርሽ ፋብሪካው የመዘገበበትን ጊዜ እንጂ ቅድመ አያትሽ የገዙበትን ቀን አይደለም። መኪናው አንዱ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ተቀምጦ ይሆናል፤ ከሌላ ሰው እጅ የተገዛም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ አንዳንድ ሲንገር ላይ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ክብ ምልክት አለ፤ ላዩ ላይ 1851 እና 1951 ይላል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር አይቶ መኪናውን በመቶ ዓመት ያስረጀዋል። እሱ ኩባንያው መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ያሠራው ነው፤ መኪናው የ1951 ገደማ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ማንቆርቆሪያው ከ1918 ወዲህ፣ ስኒው ከ1921 ወዲህ፣ ሲንገሩ በ1921 እና በ1935 መካከል። ሦስቱም አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ይህ የንግሥት ዘውዲቱ ዘመንና የአጼ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያ ዓመታት ሣጥን ነው።

ይህ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917፣ ዘውዲቱ ዘውድ በጫኑበት ዓመት ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ዕቃ ሐዲዱ ካቆመበት ወዲህ በግመልና በበቅሎ ነበር የሚጓዘው። በቅሎ ላይ የሚጫን ደግሞ ቀላልና የማይሰበር፣ ወይም ለተሸከመው የሚያዋጣ ውድ ነገር መሆን አለበት። አቡጀዲ፣ መርፌ፣ ክር፣ ጨሌ፣ ሐር። ብርጭቆና ብርሌም ይመጣ ነበር፣ ዋጋው ግን ለጌቶች ነው። ባቡሩ ሲገባ ከባዱም ተሰባሪውም ዋጋው ቀነሰ። የብረት አልጋ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ሳፋ፣ ፋኖስ፣ ስኒ በደርዘን። አራዳ ላይ የህንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የአረብ ነጋዴዎች ሱቅ በሱቅ ሆነው ነበር፤ መሐመድ አሊ የተባለው የህንዶች ድርጅት ስሙ እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ አለ። እኔ የዚያን ዘመን የሴት ሣጥን ሲከፈት የማየው ይህንን ለውጥ ነው። ከባቡሩ በፊት ስድስት አንድ ዓይነት ስኒ ያላት እመቤት ብትኖር ከትልልቆቹ ቤቶች ነው። ከባቡሩ በኋላ መጠነኛ ኑሮ ያላት ባለትዳርም ትገዛዋለች።

ቡናውም ራሱ ታሪክ አለው። በሸዋና በሰሜን ክርስቲያኖች ዘንድ ቡና በሰፊው መጠጣት የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ የቡና ስኒ ከአንድ ክርስቲያን ቤት ሣጥን ሲወጣ በጣም የራቀ ዘመን አልገምትለትም።

አሁን ብሩ። ነጋዴው ያየውን ነው የነገረሽ፣ ያየው ቁጥር ግን ዕድሜውን አይናገርም። ማርትሬዛ ላይ ያለው 1780 የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከሞተችም በኋላ ገበያው የለመደው ያንን መልክ ስለነበር፣ ቁጥሩ ሳይለወጥ መቶ ሃምሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ሲመታ ኖረ። ቪየና መታችው። በ1935 ጣሊያን ለወረራው ስትዘጋጅ መቅረጫውን ወስዳ ሮም ላይ መታችው። በ1936 ለንደን ቀጠለች፤ በጦርነቱ ጊዜ ቦምቤይም ጭምር። ስለዚህ 1780 የሚል ብር የምኒልክም፣ የዘውዲቱም፣ የአርበኞችም ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከሺህ 833 እጁ ጥሩ ብር ነው። በወርቅ ሠሪ ሚዛን አስመዝኚው። በጣም ከቀለለ ሌላ ማዕድን ነው።

ከብሩ ይልቅ ማንጠልጠያውን ተመልከቺ። ቀለበቱ ከብሩ ጋር የተያያዘበት ቦታ ላይ ብየዳው ይታያል። ጀርባው ላይ የተፋቀና የለሰለሰ ከሆነ ለብዙ ዓመት ደረት ላይ ውሏል ማለት ነው። ያ ለእኔ ከቁጥሩ ይበልጣል። እባክሽ በፖሊሽ አታብረቅርቂው፤ ያ ልስላሴ የቅድመ አያትሽ አካል የሠራው ነው። የዚያን ጊዜ ብዙ ማርትሬዛ ቀልጦ መስቀልና የጆሮ ጌጥ ሆኗል፤ ይኼኛው ሳይቀልጥ መትረፉ ትልቅ ነገር ነው።

ፎቶው ላይ ስላየሽው ጥቁር ጥለት በጣም አትጨነቂ። የዚያን ጊዜ የፎቶ መስታወትና ፊልም ቀይ ብርሃን አያይም ነበር። ቀይ ነገር ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሰማያዊ ደግሞ ነጭ ይመስላል። ቢጫና ወርቃማ ቀለም ይጠቁራል። ቀይንም በትክክለኛ ጥላው የሚያነሳ ፊልም የተለመደው ከ1920ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ነጠላዋ ቀይ ጥለት ነበረው ብል እመርጣለሁ። ሐዘን መሆኑን ለማወቅ ሌላ ምልክት ፈልጊ፦ ጸጉሯ ተቆርጧል ወይ? ጥለቱ ወደ አንገቷ ወጥቶ ተጠምጥሟል ወይ? ጌጥ አላት ወይ? ሐብሉን አድርጋ ከተነሳች ሐዘንተኛ አይደለችም። የፎቶውን ጀርባም አንሺልኝ። እንደ ፖስት ካርድ በመሃሉ መስመር ካለው ካርዱ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አይቀድምም። የፎቶ ቤት ስም ያለ ቀለም በሚጫን ማህተም ተጭኖ ከሆነ ደግሞ በጎን ብርሃን አድርገሽ አንብቢው። ዕድል ካለሽ የአርመኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ሊሆን ይችላል፤ አባትየው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፣ ልጆቻቸውም ሙያውን ይዘው ለብዙ ዓመት ሠርተዋል።

ካባውን ከዘረጋሽው በኋላ በአጉሊ መነጽር ወርቃማውን ክር ተመልከቺ። የድሮው ክር በጣም ቀጭን የብረት ሪባን በጥጥ ወይም በሐር ክር ላይ ተጠምጥሞ የተሠራ ነው። ውስጡ ያለው ክር በመሃል በመሃል ብቅ ይላል። ብረቱ ብር ስላለበት ይጠቁራል። ሳይጠቁር የሚያብለጨልጭና ሲጎትቱት እንደ ላስቲክ የሚሳብ ከሆነ የፕላስቲክ ልባጥ ያለው ነው፤ ያ ዓይነት ክር ገበያ ላይ የወጣው በ1946 ነው። ጠርዙ ብቻ ከሆነ እንደዚያ፣ ኋላ የታደሰ ነው፤ ካባው ራሱ ሊቀድም ይችላል። ገበሩንም ገልብጠሽ እይው። ገበር በየትውልዱ ይለወጣል። ጨርቁ ከፋይ ነው ወይስ የበግ ጠጉር? የበግ ጠጉር ከሆነ ብል ይበላዋል። ቀዳዳ ወይም ዱቄት የመሰለ ነገር ካየሽ በንጹህ አንሶላ ጠቅልለሽ፣ አየር በማያስገባ ላስቲክ አሽገሽ፣ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀምጪው። መብራት ጠፍቶ ከሟሟ እንደገና ከአንድ መቁጠር ነው። የናፍታሊን እንክብል ግን ጨርቁ ላይ በቀጥታ አታድርጊ፤ ሽታውም አይለቅም፣ ቀለምም ያበላሻል።

አሁን ወደ ቀሚሱ። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፣ ከሁሉም ደግሞ ለመናገር የሚከብደው እሱ ነው።

ቅርጹ ብዙ አይነግረንም። ሰፊ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የወረደ፣ እጅጌው ረጅም ሆኖ ወደ አንጓው የሚጠብ፣ አንገቱና ደረቱ ላይ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ከምኒልክም በፊት ነበር። በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ የጥጥ ቀሚስ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ፤ ያ ቀሚስም በሐር የተጠለፈ ነው። ስለዚህ በ1905 እና በ1925 የተሰፋ ቀሚስ በሩቅ አንድ ነው የሚመስለው። ልዩነቱ ያለው ክሩ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ጨርቁን ወደ መስኮት አቅርቢና ድሩንና ማጉን (በቁመት የተዘረጋውንና በአግድም የገባውን ክር) ለይተሽ እይ። ሁለቱም እዚህም እዚያም ወፈር ቀጠን የሚሉ ከሆነ ሁለቱም በእንዝርት የተፈተሉ ናቸው። ድሩ ወጥ ሆኖ ማጉ ብቻ የሚወላገድ ከሆነ፣ ሸማኔው የፋብሪካ ክር አዘርግቶ በቤት ፈትል ሞልቶታል። ያ አሠራር ከውጭ የሚመጣው ክር በረከሰ ቁጥር እየሰፋ የሄደ ነው። ድሩም ማጉም ወጥ ከሆነ ደግሞ አቡጀዲ ነው። በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ አቡጀዲው ከአሜሪካ ነበር የሚመጣው። በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ ገበያውን ወሰደው። ቀሚሱ ጠርዝ ላይ የፋብሪካ ማህተም ቀለም ከተረፈ፣ አንዳንዴ ስፌት ውስጥ ተደብቆ ይገኛል፣ ፎቶ አንሺልኝ።

ቀጥሎ ስፌቱ። የመኪና ስፌት ከሁለቱም በኩል እኩል ነው፤ የእጅ ስፌት እርምጃው ይለያያል። ጥልፉ በእጅ፣ መጋጠሚያው በመኪና ከሆነ እንግዳ ነገር አይደለም። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሲንገር ሰፍቶት ይሆን ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። እኔም ብሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ስፌቱ ብቻውን ግን ይህንን አያረጋግጥም። ዚፕ ካለበት ዚፑ የኋላ ሰው ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚረዳሽ የጥልፉ ክር ነው። ሐር ነው፣ ጥጥ ነው፣ ወይስ ሰው ሠራሽ ሐር? ከውስጥ በኩል የተንጠለጠለች ትንሽ ክር ካለች ብቻ፣ ያቺን በወረንጦ ይዘሽ እሳት አስነኪያት። የጸጉር ሽታ ከሰጠችና አመዷ ጥቁር ሆኖ ከተፈረፈረ ሐር ነው። የወረቀት ሽታ ከሆነ ጥጥ ወይም ሰው ሠራሽ ሐር ነው። ቀልጣ ጠብታ ከሠራች ናይለን ወይም ፖሊስተር ናት፤ ያ ክር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወዲህ የመጣ ነው። ጥጡን ከሰው ሠራሹ የሚለየው ውሃ ነው። ሰው ሠራሽ ሐር ደርቆ ጠንካራ ነው፣ ሲረጥብ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ በትንሹ ስትስቢው ይበጠሳል። ቪስኮስ የተባለው ዓይነቱ በፋብሪካ መመረት የጀመረው በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ላይ በ1905 ነው፤ ስለዚህ ያንቺ ጥልፍ እሱ ከሆነ የ1920ዎቹ ግምታችን ይጠነክራል።

አትጠቢው ያልኩሽም ለዚህ ነው። ክሩ ሰው ሠራሽ ከሆነ በውሃ ውስጥ ይበጣጠሳል። ሐር ከሆነ ቀለሙ ወደ ነጩ ሊፈስ ይችላል፤ አንዴ ከፈሰሰ ማንም አይመልሰውም። መቶ ዓመት የታጠፈ ጥጥ ደግሞ እጥፋቱ ላይ ደክሟል። ቢጫ የሆነው ነጠብጣብ ቢያስጠላሽም ተይው። ስታጥፊው በድሮው መስመር አትጠፊው፤ በየእጥፋቱ መሃል ታጥቦ የደረቀ ነጭ ጨርቅ እየጠቀለልሽ አስገቢበት። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አታስቀምጪው።

ለመልስሽ ግን ባዶ እጅሽን አትቅሪ። እኔ ቀሚሱን አትልበሺው፣ ቅጂውን አሠሪ እላለሁ። በጭፈራ አንድ ምሽት ብቻ ላብና ጉተታ ብብቱን ይተረትረዋል። ቅጂ ማሠራት ግን ዛሬም ይቻላል፣ ሽሮ ሜዳ ይህንን የሚችሉ ሸማኔዎች አሉ። ቀሚሱን አልጋ ላይ ዘርግተሽ ሳትለብሺው በሜትር ለኪው፦ ትከሻ፣ የእጅጌው ርዝመትና የአንጓው ስፋት፣ ብብት፣ ቁመት፣ የታችኛው ዙሪያ። ስንት ቁራጭ ተጋጥሞ እንደተሰፋ ቁጠሪና በወረቀት ላይ ሳዪው። ሸማኔውን ማጉ የእጅ ፈትል እንዲሆን ጠይቂው፤ ዋጋው ይጨምራል፣ አወራረዱ ግን በፋብሪካ ክር አይገኝም። ጥልፉ ላይ ግልጽ ላስቲክ አንጥፈሽ በማርከር አንሺው፣ ማርከሩ እንዳያልፍ ወፍራም ላስቲክ ይሁን፤ በስፒል አትውጊው። የመኪና ጥልፍ ይሻላል ካሉሽ እሺ እንዳትዪ፤ የእጁ መስመር ትንሽ ይዛነፋል፣ ውበቱም እሱ ነው።

ቀለሙን ለጠላፊው ስታሳዪ የፊቱን እንዳታሳዪ። ፊቱ ብርሃን መትቶት ደብዝዟል። ቀሚሱን ቀስ ብለሽ ገልብጪና የጥልፉን ጀርባ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንሺ። ያ በኩል ፀሐይ ስላላገኘው ቀለሙ ቅድመ አያትሽ ሲለብሱት ለነበረው ይቀርባል። ያንን ፎቶ፣ የሲንገሩን ሙሉ ቁጥርና የፎቶውን ጀርባ ላኪልኝ፤ ዓመቱን ከዚህ የበለጠ ላጠብልሽ እችላለሁ።